አራስ ውሻ በግቢ ውስጥ፦ ለቡችሎቹም ለሕፃናቱም የሚበጅ ቦታ

በብዙ ግቢዎቻችን ውሻ የሚያዘው ሌሊት ቤት እንዲጠብቅ ነው። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ከማዕድ የተረፈው ይሰጠዋል። ሴቷ ውሻ ስታረግዝ ሆዷ እየገፋ መሄዱን የግቢው ሰው ሁሉ ያያል፤ የት እንደምትወልድ የሚያስብላት ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ቀኗ ሲደርስ ራሷ ትመርጣለች። የምትመርጠውም ጨለም ያለ፣ ደረቅና ሰው የማይደርስበት የመሰላትን ቦታ ነው፤ የማገዶ ክምር ሥር፣ የሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ የተጣለ ቆርቆሮ ወይም የቆመ መኪና ታች። በማግሥቱ እንጨት ልታወጣ የገባችው ሴት ወይም የተንከባለለች ኳሱን ፍለጋ ያጎነበሰው ልጅ ይነከሳል።

ስለ ውሻ መውለጃ በሰው ጤና ዓምድ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የእኔም ሙያ የሰው ሕክምና እንጂ የእንስሳት አይደለም። ነገር ግን በውሻ የተነከሰ ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆችን “ውሻው የማን ነው?” ብዬ ስጠይቅ ደጋግሜ የምሰማው መልስ “የራሳችን ናት፤ ወልዳ ነው እንጂ ነካሽ አይደለችም” የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው። አማርኛችን እጅግ የተቆጣን ሰው “አራስ ነብር ሆነ” የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የትኛዋም አራስ እንስሳ፣ ስትመገብበት የኖረችውን እጅ እንኳ፣ ወደ ልጆቿ ሲዘረጋ እንደ ጠላት ልታየው ትችላለች። ስለዚህ ጥፋቱ የውሻዋ ጠባይ አይደለም። የመውለጃ ቦታዋ ከሰው መመላለሻ ጋር መጋጨቱ ነው፤ ይህ ደግሞ አስቀድሞ ሊስተካከል ይችላል።

የውሻ እርግዝና ዘጠኝ ሳምንት፣ ማለትም 63 ቀን ገደማ ነው። በመሆኑም ሆዷ በግልጽ ሲታይ የቀራት ጊዜ አጭር ነው። ቦታው ከመውለዷ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ምግቧን እዚያው እየሰጡ፣ የምትተኛበትን ጨርቅ እዚያው እያነጠፉ ማስለመድ ያስፈልጋል። በመጨረሻው ሰዓት የተሠራ ቤት ምንም ያህል ቢያምር ባዶውን ይቀራል፤ እሷ ወደ ማገዶው ሥር ትሄዳለች።

ቦታ ሲመርጡ በመጀመሪያ የግቢውን ሰው እግር ይከተሉ። ሰው ለውሃ፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለልብስ ማስጫ፣ ለማገዶ የሚመላለስበት መንገድ የትኛው ነው? ልጆች የሚጫወቱት የት ነው? ከእነዚህ ሁሉ የራቀ ጥግ ይፈለግ። የግቢው በር አጠገብ አይሆንም፤ በውጭ በሚያልፈው ሁሉ ስትቆጣ ትውላለች፣ የሰፈር ውሾችም ይመጡባታል። ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ጠባብ ግቢ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ተከራዩ ሁሉ ቦታውን እንዲያውቀው፣ በእንግድነት ለሚመጣ ሰውም አስቀድሞ እንዲነገር ማድረግ ይቻላል። ቤት ውስጥ ማስገባት ግድ አይደለም። “ውሻ ቤት አይገባም” የሚል ልማድ ያለው ቤተሰብ ልማዱን ሳይነካ ዝናብና ነፋስ የማይገባበት የጓሮ ጥግ፣ የበረንዳ ዳር ወይም ዕቃ የወጣለት መጋዘን ሊሰጣት ይችላል።

መኝታው ከሳንቃ ወይም ከጣውላ የተሠራ፣ ከላይ ክፍት የሆነ ሳጥን ቢሆን ይመረጣል። ለመካከለኛ የአገራችን ውሻ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር በ1 ሜትር ቢሆን እግሯን ዘርግታ ተኝታ ለማጥባት ይበቃታል። ግድግዳው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ መግቢያው ላይ ብቻ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ደፍ ይተውለት። እሷ ተራምዳ ትወጣለች፣ ቡችሎቹ ግን ተንከባለው አይወጡም። ወለሉ መሬት እንዳይነካ በብሎኬት ወይም በድንጋይ ከፍ ይደረግ፤ በክረምት ጎርፍ የሚገባበት ጥግ ከሆነ ይህ የግድ ነው። አንድ ትንሽ ነገር የብዙ ቡችላ ሕይወት ያተርፋል፦ በሳጥኑ ውስጥ ዙሪያውን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ፣ ከወለሉም 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ቀጭን እንጨት መምታት። እናቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ስትጋደም ከጀርባዋ የቀረው ቡችላ ከእንጨቱ ሥር ባለው ክፍተት ይተርፋል፣ አይጨፈለቅም።

ከሥር አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ከላዩ የተነበበ ጋዜጣ ይነጠፍ (ይህንንም ጋዜጣ ጭምር፣ አንብበው ሲጨርሱ)። ጋዜጣ በየቀኑ ተነሥቶ ሊቃጠል ስለሚችል ለንጽሕና ይመቻል። ሰጋቱራ በእርጥቡ ቡችላ አፍና አፍንጫ ላይ ይጣበቃል። ጭድም ቁንጫ ይቋጥራል፤ ከቡችላ የተነሣ ቁንጫ ደግሞ በሳምንቱ በሰው አልጋ ውስጥ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ሰንሰለቱ ይፈታ። በሰንሰለት ታስራ የወለደች ውሻ ስትዞር ቡችሎቿን በሰንሰለቱ ታንቃለች፤ ታስራ ሳለች ሰው ሲቀርባትም መሸሽ ስለማትችል ያላት ምርጫ መንከስ ብቻ ነው። በሰንሰለት ፋንታ ጥጉን በሽቦ ወይም በቆርቆሮ አጥሮ በር ማበጀት ይሻላል። የሽቦው ቀዳዳ የሕፃን እጅ የማያስገባ ይሁን።

ስለ ሙቀት ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ እዚህ ላይ የሰው ሕይወት ይጠፋልና። ቡችላ በተወለደበት ሰሞን የራሱን የሰውነት ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት የተኛበት ቦታ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ደጋማ ከተሞች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቡችሎቹ ሲንቀጠቀጡና ሲያለቅሱ ያየ ደግ ሰው ምን ያደርጋል? ከሰል ያቀጣጥልና ያስገባላቸዋል። ውሻዋ የተጠጋችው የጥበቃው ወይም የቤት ሠራተኛዋ መኝታ በሆነው ሰርቪስ ክፍል ከሆነ፣ በሩ ተዘግቶ ሰውም ውሻም በአንድ ላይ ያድራሉ።

የከሰል ጭስ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅን የሚያጓጉዘውን የደማችንን ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያውቀው ያልፋል። ስለዚህ በተዘጋ ክፍል ከሰል ለሰውም ለእንስሳም አይገባም፤ በርን ጥቂት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ምትኩ ርካሽ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው በሳጥኑ አንድ ወገን ብቻ ያኑሩት። አንድ ወገን የምለው የሞቀው ቡችላ ወደ ቀዝቃዛው ጎን መራቅ እንዲችል ነው። ተቆላልፈው የሚጮኹ ቡችሎች በርዷቸዋል፤ ተበታትነው የሚያለከልኩ ሞቋቸዋል፤ ጎን ለጎን ሆነው ዝም ብለው የተኙ ደኅና ናቸው።

የወሊዱን ነገር ለእንስሳት ሐኪሞች እተወዋለሁ። አብዛኞቹ ውሾች ያለ ሰው እርዳታ ይወልዳሉ፤ ተመልካች በዛ ማለት ግን ምጡ ተስተጓጎለ ማለት ነው። የሐኪሙ ስልክ ግን አስቀድሞ ይያዝ። አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ካልወጣ፣ አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላ እንዳለ እየታወቀ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወይም የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ይደወል። ቡችላ መጎተት አይገባም። በሰው በኩል ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ይህ ነው፦ የወሊድ ፈሳሽና እንግዴ ልጅ ወደ ሰው የሚተላለፉ ተሐዋስያን ሊይዝ ስለሚችል የሚነካ ሰው ጓንት ያድርግ፣ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ ሥራ ባትገባ ይመረጣል።

ከወሊድ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት በአብዛኛው ጸጥ ያሉ ናቸው። ቡችሎቹ ዓይናቸው አልተገለጠም፤ ጠብተው ይተኛሉ። እናቲቱን የሚመግባት አንድ የምታውቀው ሰው ብቻ ይሁን፤ ሳህኑን አስቀምጦ ይመለስ። የምታጠባ ውሻ ከወትሮዋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ውሃም ዘወትር አይጥፋ። በበዓል እርድ ጊዜ የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን መወርወር የተለመደ ነው፤ ይቅር። ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ያለበት ሳንባና ጉበት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል በውሻዋ ሆድ ውስጥ ይዘራል፤ ከእሷ ዓይነ ምድር የሚወጣው እንቁላል ወደ ሰው ሲገባ ደግሞ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ እንዲሁ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። እንዲህ ያለው ብልት መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር አለበት። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊም የውሻን ደም ስለሚጎዳ አይስጧት።

አደገኛው ጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይገጣጠማሉ። ቡችሎቹ ዓይናቸው ተገልጦ መሄድ ይጀምራሉ፤ ደፉን ዘለው ወደ ግቢው ይወጣሉ፤ እንደ ኳስ የሚንከባለል ቡችላ አይቶ የማያነሣ ልጅ ደግሞ የለም። ቡችላው ሲነሣ ይጮኻል፣ እናቲቱ ትደርሳለች። በነዚህ ንክሻዎች ላይ የምናየው ቁስል ብዙ ጊዜ በሕፃኑ ፊትና እጅ ላይ ነው፤ ልጁ ቡችላውን ደረቱ ላይ አቅፎ ስለሚገኝ። በመሆኑም ከሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ በፊት አጥሩ ሁለተኛ ዙር ይፈተሽ። ልጆች ቡችሎቹን እንዲያዩ ከተፈለገ እናቲቱ ለመብላት ወጥታ በሩ በተዘጋባት ጊዜ፣ አዋቂ ባለበት፣ ቁጭ ብለው ይሁን። ይህን ፈጽሞ መከልከል አልደግፍም። በሕፃንነቱ የሰው እጅ በደግነት የለመደ ቡችላ ሲያድግ ነካሽነቱ ይቀንሳልና።

ሁለተኛው ነገር ትል ነው። በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ የኖረ የውሻ ወስፋት እርግዝናዋን ጠብቆ ይነቃና በእንግዴ ልጁና በወተቷ በኩል ወደ ቡችሎቹ ይገባል። ጤነኛ መስለው የሚታዩ ቡችሎች ከነትላቸው የተወለዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር መውጣት ይጀምራል። ወዲያው አይጎዳም፤ አፈር ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው ለሰው አደገኛ የሚሆነው። ከዚያም ለዓመታት አፈር ውስጥ ይቆያል። አፈር ያለበትን እጅ ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን እንቁላሉን ሲውጥ እጩ ትሉ በጉበት፣ በሳንባ፣ አልፎ አልፎም በዓይን ውስጥ ይዞራል፤ በዓይን ሲሆን የአንድ ዓይን ብርሃን እስከ መውሰድ ይደርሳል። መከላከያው ቀላል ነው። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይነሣ፤ ቡችሎቹ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንተኛው ሳምንት፣ እናቲቱም ከእነርሱ ጋር፣ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት ይውሰዱ። ለልጆች የታዘዘን የትል ሽሮፕ በግምት ለቡችላ ማጠጣት ግን አይገባም።

ሦስተኛው የእናቲቱ የራሷ ሕመም ነው። ወተቷ በሚበዛበት በዚህ ሰሞን በደሟ ያለው ካልሲየም ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ታለከልካለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል፣ ነገር ግን ሐኪም በቶሎ ከደረሰ የሚድን ሕመም ነው። ችግሩ ለተራ ዓይን ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር መመሳሰሉ ነው። አንዳንዱ “አበደች” ብሎ በዱላ ይገድላታል፤ ሌላው “ምስኪን፣ ምጡ ጎድቷት ነው” ብሎ በባዶ እጁ አፏን ከፍቶ ውሃ ሊያጠጣ ይሞክራል፤ በሽታው እብደት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ራሱን ለሞት አጋልጧል። ሁለቱን በዓይን ለመለየት መሞከር አያስፈልግም። በሩን ዘግቶ፣ ልጆችን አርቆ፣ ሐኪም መጥራት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታን ነገር በጥቂት ቃል ማለፍ አይቻልም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ ናቸው፤ ከተጠቂዎቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው የሚተላለፈው በአመዛኙ ከውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል፤ ከንክሻው እስከ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ስላለ ጊዜ አለን። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ቡችላም በዚህ በሽታ ሊያዝ መቻሉ ነው። “ጥርሱ ገና ነው፣ ቧጭሮኝ ነው” ተብሎ የሚታለፈው የቡችላ ጭረት ከትልቅ ውሻ ንክሻ እኩል መታየት አለበት።

የነከሰ ወይም የቧጨረ፣ ወይም ቁስልን የላሰ ውሻ ካለ ቁስሉ በፈሳሽ ውሃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሱ ነው። 15 ደቂቃ ሲባል በሰዓት የተለካ ማለቴ ነው፤ አብዛኛው ሰው አንድ ደቂቃ አጥቦ ይተወዋል። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ ወይም ቤንዚን ቁስሉ ላይ አይደረግ። ከዚያ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ክትባቱ፣ ቁስሉ የሚያስፈልገው ከሆነም ተጨማሪ መርፌው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያውም የሚወሰነው እዚያ ነው። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ነገር ግን ክትባቱን ጀምሮ፣ ቀጠሮውንም ሳያቋርጥ ይሁን። ውሻዋን ወዲያው መግደል አይረዳም። ማምለጥ በማትችልበት ቦታ ተዘግቶባት ለ10 ቀን ትጠበቅ። 10 ቀን ደኅና ከቆየች በነከሰችበት ዕለት በሽታውን አታስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ከታመመች ወይም ከሞተች ግን ለጤና ተቋሙና ለእንስሳት ሐኪሙ ይነገር፤ ሬሳውን በባዶ እጅ አይንኩት። ክትባቱ መጀመር ያለበት ግን 10ሩ ቀን እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ነው።

እናቲቱ ከመፀነሷ በፊት የተከተበች ብትሆን ይህ ሁሉ ስጋት በእጅጉ ይቀላል። ካልሆነች ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ቡችሎቹም ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተቡ። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ስለሆነ በዚያ ሰሞን የክትባት ዘመቻ መኖር አለመኖሩን ከወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች መጠየቅ ይቻላል።

ቡችሎቹን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ መጣል፣ በተለይ ሴቶቹን “ነገ ይወልዱብናል” ብሎ መጣል፣ በየከተማው የሚታይ ነገር ነው። ከተጣሉት መካከል የሚተርፉት ያልተከተቡ የጎዳና ውሾች ሆነው ያድጋሉ፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያገኟቸውም እነርሱን ነው። እስከ ስምንተኛ ሳምንት ከእናታቸው ጋር ቆይተው ተቀባይ ይፈለግላቸው፤ ለተቀባዩም የትል መድኃኒት የወሰዱበትና ክትባት የሚወስዱበት ቀን በወረቀት ይጻፍለት። እናቲቱ በስድስት ወር ገደማ ተመልሳ ልትፈልግ ስለምትችል ጡት ካስጣለች በኋላ ስለ ማምከን ሐኪሙን ያማክሩ።

ቡችሎቹ ሲወጡ ጥጉን እንዲሁ አይተዉት። ጨርቁና ጋዜጣው ይቃጠል። ሳንቃው በሳሙና ተፈግፍጎ የፈላ ውሃ ይፈሰስበት፤ በረኪና ሌላውን ጀርም ቢገድልም የወስፋቱን እንቁላል አይገድልም፣ የፈላ ውሃ ግን ይገድላል። ከዚያ ቀናውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቡችሎቹ የዞሩበት አፈር ከላይ አራትና አምስት ጣት ያህል ተነሥቶ በጥልቅ ይቀበር፤ ጎመንና ሰላጣ በዚያ ቦታ አይተከል፣ ሕፃናትም አይጫወቱበት።